በውስጥ በኩል የተለጠፈ ማስታወቂያ

ማስታወቂያ ማለት ሰው እንዲያየው የሚለጠፍ ወረቀት ይመስለኝ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር የማውቀው። ለካ ማንም እንዳያየው የሚለጠፍም አለ።

እህቴ የምትሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ ስምንት ሰፊዎች ሊቀጥር ነው። ማስታወቂያው ወጥቷል። ማኅተም አለው፣ ቀን አለው፣ እንደ ደንቡ አሥር ቀን ተለጥፎ ይቆያል። የተለጠፈው ግን ከግቢው ውስጥ፣ ሠራተኞቹ እጃቸውን ከሚታጠቡበት ቧንቧ በላይ ነው። እዚያ ቧንቧ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ሥራ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሥራ የሌለን እኛ የብረቱን በር ቀለም አይተን እንመለሳለን። እኔ በየሰኞው ዘበኛውን "ማስታወቂያ ወጣ?" እለዋለሁ፤ እሱም በሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ቃኝቶ "እዚህ ምንም የለም" ይለኛል። አልዋሸም እኮ! በሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ይህን ያወቅኩት በመቀሴ ምክንያት ነው። እሁድ ዕለት እህቴ ቤት መጣች። ታናሼ ናት፤ እዚያ ፋብሪካ ቁልፍ ትተክላለች፣ አራት ዓመት ሆናት። አባባን ሳመች፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው፣ ስለ ዝናቡ አወራች። ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው መቀሴ አልነሳ አለ። በመጨረሻ ለሐሙስ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ለምን ብላት ተንተባተበች። እኔ ደግሞ ሰው ሲንተባተብብኝ አልወድም። አፋጠጥኳት፤ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት የመኪና ስፌት ፈተና አለ። መፈተን የሚችለው ሠራተኛ የጠቆመው ሰው ብቻ ነው። ለጠቋሚ የሚሰጠው ወረቀት ደግሞ ጥቂት ነው፤ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ደርሷቸዋል፣ አንዷ እህቴ ናት። ወረቀቷን ለባሏ የእህት ልጅ ሰጥታለች። መቀሱም ለልጅቷ ነው።

የእናቴ ልጅ! የገዛ መቀሴን!

"እኔስ?" አልኳት።

እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ "እትዬ፣ አትቆጪኝ። ያመጣነው ሰው ካስቸገረ የምንጠየቀው እኛ ነን። አንቺ ደግሞ ምላስሽ አይታሰርም። የድሮው ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ሥራ አስኪያጁን በሠራተኛ ፊት ምን እንዳልሽው ሁሉም ያውቃል" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የበለጠ ያበሳጨኝ ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው። ሁሉም የሚያመጣው የማያሳፍረውን ነው፤ ጎበዙን ሳይሆን ዝም የሚለውን። እንዲህ እየተመረጠ ፋብሪካ ሲሞላ፣ ሰው የሌለውና አፍ ያለው ውጭ ይቀራል። እሷን ግን ይህን ሁሉ አላልኳትም። "እና መኪና ነክታ የማታውቅ ልጅ ኮሌታ ልትሰፋ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። "ኧረ ልጅቷ እኮ…" ብላ ጀመረች፤ አላስጨረስኳትም። መቀሴንም አልሰጠኋትም። "ሞኝሽን ፈልጊ" አልኳት። እያለቀሰች ሄደች።

ኮሌታ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ስሜ ነው። በድሮው ፋብሪካ ሁላችንም የምንጠራው በምንሰፋው ነበር፤ ኪስ አለች፣ እጅጌ አለች፣ ዘለበት የሚባል ረጅም ሰውዬም ነበረን። እኔ አሥራ አራት ዓመት ኮሌታ ሰፋሁ። የሸሚዝ ፊቱ ኮሌታው ነው። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሾሉ ጨርቁ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም፤ የለበሰው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ የወጣ ይመስላል። ፋብሪካው ከተዘጋ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። በስምንተኛው ወር የቤት መኪናዬን ሸጥኩ። ከዚያ ወዲህ የነካሁት መኪና የለም።

ልቤ ያን ሥራ እንዴት እንደፈለገ ልነግራችሁ አልችልም። ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ኮሌታ" ማለት ነበር የናፈቀኝ።

እህቴ ከሄደች በኋላ ደብተር አወጣሁ። ማስታወቂያውን ከእሷ አፍ እንደሰማሁት ጻፍኩት፤ ስምንት ሰፊ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የብረቱ በር። ስድስት ቅጂ። ማኅተም የሌለውን ወረቀት ሰው አያምንም ብዬ የኮት ቁልፍ ቀለም ውስጥ ነክሬ ከሥሩ መታሁበት፤ አራት ቀዳዳ ያለው፣ በጣም ያምር ነበር። በማግስቱ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ፣ ክር መሸጫው መስኮት ላይ ለጠፍኩ። ለድሮዎቹ ባልደረቦቼም ደወልኩ። ኪስ ስልኳን እንዳነሳች "ሰው አለን እንዴ?" አለችኝ። የለንም አልኳት። "ታዲያ ምን ልንሠራ ነው?" አለች። ልንሰፋ ነው አልኳት።

እስከ ሐሙስ ድረስ በጠረጴዛ ሥር እግሬን እየረገጥኩ፣ በእጄ ወረቀት እየገፋሁ ተለማመድኩ። አባባ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ከአልጋው ጫፍ ሆኖ ያየኛል። "ልጄ፣ ነዳጅ ነው ወይስ ፍሬን የምትረግጪው?" ይለኛል። ይስቃል። ከዚያ ቆጣ ብሎ፣ አዲስ አውቶቡስ በሰጡት ቁጥር ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉን ይሞክር እንደነበር ነገረኝ፤ የሁሉም መኪና ፔዳል አንድ አይደለም አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። አሥራ አራት ዓመት የሰፋሁ ሴት በሾፌር ልመከር?

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ፊት ሠላሳ አንድ ሰው ነበርን። የማውቃቸው አሥራ ዘጠኝ፣ የቀሩት ወረቀቱን ምሰሶ ላይ ያነበቡ። ዘለበትም በዚያ ቁመቱ ከሩቅ እየታየ መጣ። ዘበኛው ቀልቡ ተገፈፈ። "ዛሬ ምን ሆናችሁ?" ይላል፣ አንዴ እኛን አንዴ በሩን ያያል። አሥራ ሁለቱ ባለ ወረቀቶች በመሐላችን እየተሽሎከሎኩ ገቡ። የእህቴ ባል የእህት ልጅም ገባች፤ ቀጭን፣ አንገቷን የደፋች፣ አሮጌ የወጥ ቤት መቀስ በጨርቅ ጠቅልላ የያዘች። አየችኝ። ፊት አልሰጠኋትም።

ቆይቶ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ወጣ። ከረባት ነው የሚሉት፤ በሙቀትም በዝናብም አይፈታውም። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። አንቺ አለኝ፤ እኔም አንተ አልኩት።

"ማን ነው የጠራችሁ?" አለ።

"እኔ።"

"አንቺንስ ማን አመጣሽ?"

"እግሬ" አልኩት።

ከኋላዬ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። አሠራሩን አስረዳን፤ ድርጅቱ የሚቀበለው በሠራተኛ የተጠቆመ ሰው ነው፣ ምክንያቱም የታወቀ ሰው አስተማማኝ ነው። ማስታወቂያስ ለምን ትለጥፋላችሁ ስለው ደንብ ስለሆነ ነው አለኝ። ከዚያ ሥራ ከፈታን ስንት ጊዜ እንደሆነን ጠየቀ። ኪስ ሁለት ዓመት አለችው፣ ሌላዋ ሦስት። ራሱን ነቀነቀ። ይሄን ያህል የተቀመጠ እጅ ዝጓል፣ ጨርቅ ማበላሸት ነው አለ። በክፋት እንኳ አይደለም የተናገረው፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው። ቆሽቴ አረረ። ስላልቀጠሩን ነው የተቀመጥነው፤ ስለተቀመጥን ነው የማይቀጥሩን። ታዲያ በየት በኩል እንግባ? ይህን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠየቅኩት። በሩን ዝጋ አለው ዘበኛውን።

በሩ ግን የሚዘጋ አልሆነም። ከኋላችን የጭነት መኪና መጥቶ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ካርቶን ሞልቷል። እኛ ካልተነሳን አይገባም፤ እኛ ደግሞ አልተነሳንም። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልተማከረም፤ ዝም ብለን ቆምን። ጥሩንባው አላቋርጥ ሲል የስፌት ክፍሏ አለቃ ከውስጥ ወጣች። ጠና ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። እኛን አላየችንም። በቀጥታ ወደ መኪናው ሄዳ አንዱን ካርቶን ቀደደችና ሸሚዝ አወጣች። ገዢ የመለሰው ነው። ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ይዛ ለከረባት አሳየችው። ከቆምኩበት ሆኜ አየሁት፤ አንዱ ጫፍ ሾሏል፣ ሌላው እንደ አውራ ጣት ዶልዱሟል።

"ይሄ የታወቀ ሰው ሥራ ነው" አለችው።

ከዚያ ነው ወደ እኛ የዞረችው። ስንት እንደሆንን ቆጠረች። ለከረባት የነገረችው አጭር ነው፦ የስፌት መኪናው ስምንት ነው፣ ሰው አርባ ሦስት ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ኮሌታ ይስፋ፣ ኮሌታው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፣ እሷ ማን እንደሰፋው ሳታውቅ ታያለች። ከረባት ተቃወመ፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ከረባት ወደ እኛ አየና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አልረሳትም። ይሞክሩ እንግዲህ፣ ራሳቸው ያዩታል ማለቱ ነበር።

ገባን። ስንገባ ቧንቧው ጋ ደረስኩ፤ ከበላዩ ማስታወቂያው አለ። እጄን ታጠብኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ይበልጥ ያምር ነበር።

መጀመሪያ ማን ይግባ ሲባል ሁሉም ወደ ኋላ አለ። መኪናው አዲስ ነው፣ ማንም አያውቀውም፤ ሌላው ሲሰፋ አይቶ መግባት ይሻላል። ከረባት እጁን አጣምሮ ቆሟል። እሱ እያየ ወደ ኋላ ልል? "አንድ ቁጥር ለእኔ" አልኩ። ሰባት ሰዎች ተከተሉኝ።

ጨርቁ ነጭ ነው፤ አንድ አንድ ኮሌታ ብቻ፣ ቢበላሽ ምትክ የለውም። እጄ አልዛገም። ይህን ሁሉም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ጨርቁን እንደነካሁ ጣቶቼ ራሳቸው ሄዱ፤ ግራውን ጫፍ አዞርኩ፣ መርፌው ልክ ጥጉ ላይ ቆመ። ሳቄ መጣ። የድሮው ፋብሪካ ፔዳል ከባድ ነበር፤ በሙሉ እግር ካልተጫኑት አይሄድም። ይሄኛው ግን ለካ በጣት የሚነካ ነው። ቀኙ ጫፍ ላይ ስደርስ እግሬ የለመደውን ተጫነ። መኪናው በረረ። መርፌው ጥጉን አልፎ ሁለት ጊዜ ወጋ። ሁለት ብቻ። ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳ አይጠፋም፣ ገልብጬ ሳየው ጫፉ በትንሹ ዶልዱሟል። አባባ ትዝ አለኝ።

ስወጣ ቀጣዮቹ ስምንት በሩ ላይ ተሰልፈዋል። "እንዴት ነው?" አለችኝ ኪስ።

አልዋሻችሁም። ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። እኔን የጣለኝ ሌላውንም ይጣል፤ ሁላችንም ከተበላሸብን የእኔ ሁለት ስፌት ምንም አይደለም፣ ስምንት ውስጥ እገባለሁ። አንድ ቃል አለመናገር ነው፤ ማንም አያውቅብኝም። አፌን ከድኜ ሁለት ርምጃ ሄድኩ። ዓይኔ ደግሞ እዚያ ከቧንቧው በላይ ያለው ወረቀት ላይ አረፈ። ዝም ካልኩ እኔም ከውስጥ መለጠፌ ነው።

ተመለስኩ። "ፔዳሉ ቀላል ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "በአውራ ጣታችሁ ብቻ ንኩት። ጥጉ ጋ ስትደርሱ እግራችሁን አንስታችሁ በመኪናው ጎን ያለውን ጎማ በእጃችሁ አዙሩ።"

ኪስ ትከሻዬን ጨመቅ አድርጋ ገባች።

ልጅቷ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሃያ ሰባት ቁጥር። ያንን የወጥ ቤት መቀስ ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ በእሱ የኮሌታ ጥግ ቢቆረጥ ጨርቁን ያኝከዋል። የነገርኩትን ሰማሽ ወይ አልኳት። ሰምቻለሁ አለች። መኪና ነክተሽ ታውቂያለሽ አልኳት፣ ለማሳፈር። አንድ ዓመት ልብስ ስፌት ተምራ መጨረሷን ነገረችኝ። "ለማን ነገርሽ?" ብላት፣ "የጠየቀኝ የለም። የማን ነሽ ነው የሚሉኝ" አለች።

አፈርኩ። ለካ እኔም አልጠየቅኳትም። መቀሴን አወጣሁ። "እንኪ። እንዳትጥይው፣ ከጣልሽው አልለቅሽም" አልኳት።

ሰባት ሰዓት ላይ አለቃዋ አርባ ሦስቱን ኮሌታዎች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። መነጽሯን አደረገች። ጫፎቹን በአውራ ጣቷ እየደባበሰች አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ስምንት ቁጥር ጠራች። ኪስ አለች። ዘለበት አለ፣ ኮሌታ ሰፍቶ የማያውቀው! ከውጭ ከመጣነው ስድስት፣ ከባለ ወረቀቶቹ ሁለት። የመጨረሻው ሃያ ሰባት ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ስምንታችን አንድም የለም።

"አንድ ቁጥር ማን ናት?" አለች አለቃዋ። እጄን አነሳሁ። ኮሌታዬን አነሳች። "ዘጠነኛ ነሽ። ይሄ የግራ ጫፍ እዚህ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ይሄ ግን…" ብላ ቀኙን ነካችው። አውቃለሁ አልኳት።

ከረባት ዘጠነኛ መሆኔን ሲሰማ "ብያችሁ ነበር፣ የተቀመጠ እጅ" አለ። ስድስቱን ሰው ቁጠራቸው አልኩት። "ስንት ዓመት እንደተቀመጡ ጠይቃቸውና ቁጠራቸው። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተለክቼ ነው የወደቅኩት። በርህ ላይ አይደለም።"

እህቴ ከቁልፍ ክፍል እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልጅቷ ለሁሉም ተናግራ ኖሯል፣ መቀሱንም ፔዳሉንም። "እትዬ፣ ለምን? ዝም ብትዪስ ኖሮ?" ትለኛለች። አታልቅሺብኝ፣ ቀሚሴ የተተኮሰ ነው አልኳት። ቤት ስገባ ግን እኔም አለቀስኩ፣ ከምር፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ። አባባ "ብዬሽ ነበር" አላለኝም። ሻይ አፍልቶ አጠገቤ አስቀመጠና ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ መጣች። መቀሴን አስላ፣ ዘይት ቀብታ አመጣችልኝ። ሦስት ሰፊ ሊቀጠር መሆኑን ነገረችኝ፤ እሷም አሁን ሠራተኛ ስለሆነች የጥቆማ ወረቀት ደርሷታል። "በእኔ ይሁን፣ እርስዎን ልጠቁም" ብላ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ስሜን ጽፋበታለች። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት። "ሰው የሌላት ፈልጊና ስጫት። እኔ በበሩ ነው የምመጣው" አልኳት። አኮረፈች፤ ጉንጯን ስሜ ሸኘኋት።

በማግስቱ ስሄድ ማስታወቂያው በሩ ላይ፣ በውጭ በኩል ተለጥፏል። ዘበኛው ጫፉ እንዳይነሳ በፕላስተር እየደገመበት ነው። አለቃዋ ናት ያዘዘችው አለኝ። ቅጹ ላይ ግን "ያመጣዎት ሠራተኛ" የሚለው መስመር አሁንም አለ፤ ከረባት አልሰረዘውም። "እግሬ" ብዬ ሞላሁት። ከኋላዬ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ አብዛኞቹን አላውቃቸውም።

ዘበኛው ቅጹን ተቀብሎ አየኝ። "ዛሬም አንደኛ ልትገቢ ነው?"

"አዎ" አልኩት። "አሁን ፔዳሉን አውቀዋለሁ።"